ምላጭ ተይዞ የተጠየቀ ጥያቄ

ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ፕላን ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ቢሆን ስትናደድ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት የዛሬ አምስት ዓመት፣ ትልቋ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ሰሞን ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከፍቶ ገና አንድ ደንበኛ እንኳ ሳይቀበል፣ ከጎረቤት የለመነውን የፍሪጅ ካርቶን በመቀስ ቆረጠ፣ በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈለው፣ በሰማያዊ ማርከር ጻፈበትና ከትልቁ መስታወት ጎን በአራት ሚስማር ቸነከረው።

ዘጠነኛ ክፍል፦ መሠረት። አስረኛ፦ ከአንድ እስከ አምስት መውጣት። አስራ አንደኛ፦ ሳይንስ ክፍል መግባት፣ ለኮሌጅ መግቢያ መዘጋጀት። አስራ ሁለተኛ፦ ፈተና፣ ምረቃ፣ አዲስ ጫማ። በምረቃው ዕለት ፀጉር ቤቱ ዝግ እንደሚሆን ሳይቀር አራት ዓመት ቀድሞ አስታውቋል። ከሥር ደግሞ አራቱንም ክፍል አቋርጦ በቀይ «ምህንድስና» ይላል። ማርከሩ ውሃ የማያስለቅቀው ዓይነት ነው፤ ይህን ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገር ነበር።

ምህንድስናው ከየት መጣ ቢባል ከራሱ ነው የመጣው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የመሆን ሐሳብ ነበረው። ለደንበኞቹ እንደሚያወራው፣ አስረኛ ክፍል ሳለ አባቱ ታመው አልጋ ያዙ፤ እሱም ደብተሩን ጥሎ መቀስ አነሳ። ይህን ሲተርክ ድምፁ ይሰበራል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውም በአረፋው ውስጥ ሆኖ ከንፈሩን ይመጥጣል። የተማሪ ቤት ኮምፓሱን እስካሁን ከመቀሶቹ ጋር በአንድ መሳቢያ አስቀምጦታል። ልጅቷ በተወለደች ጊዜ ኮምፓሱን አውጥቶ አንድ ጊዜ ወልውሎ መልሶ እንዳስቀመጠው ሚስቱ ትናገራለች።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው ማዘንበያው ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉት ኮት መስቀያ ሆኗል። መስታወቱ ከታች በግራ በኩል ተሰንጥቋል። ከግድግዳው ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሥራውንም ታውቀዋለች። አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ ፊኛ ነፍቶ፣ አረፋ ቀብቶ፣ «ሳይፈነዳ ላጪው» ብሎ ምላጭ አስጨብጧታል። አምስት ፊኛ አፈነዳች፣ ስድስተኛውን ላጨችው። ጋሽ ፕላን የተላጨውን ፊኛ አየር እስኪጨርስ ድረስ መስታወቱ ላይ ሰቅሎት ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከዚያው መንገድ ማዶ ስለሆነ መምህራኑ የሚላጩት እሱ ዘንድ ነው። ጋሽ ፕላን ታዲያ የወላጆች ስብሰባ ረግጦ አያውቅም። ምን ጎድሎበት! ትምህርት ቤቱ በእግሩ ይመጣለት የለ! አንዱ መምህር ሲገባ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ሙቅ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል ያደርጋል፣ አረፋውን በብሩሽ ያለብሰዋል፤ ከዚያ ምላጩን ከፍቶ ጉሮሮው ላይ አሳርፎ ድምፁን ለስለስ ያደርጋል።

«ልጄ እንዴት ናት፣ መምህር?»

«ጎበዝ ናት» ይላል መምህሩ፣ ከንፈሩን እንዳያንቀሳቅስ እየተጠነቀቀ።

በተለይ የሂሳብ መምህሩ ሳምንት እየጠበቀ የሚመጣ ደንበኛ ነበር፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው። ምህንድስና ያለ ሂሳብ አይሆንምና ጋሽ ፕላን ከሌሎቹ ይልቅ እሱን አጥብቆ ይጠይቀዋል። ጎበዝ ናት በተባለ ቁጥር እጁ ይፈታል፣ ማፏጨት ይጀምራል፣ መምህሩንም ያለወትሮው ሁለት ጊዜ ሽቶ ይረጨዋል። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ከአግዳሚው ቀና ትልና መስታወቱን ታያለች። የመምህሩ ዓይን እዚያው መስታወት ውስጥ ያገኛታል። ወዲያው እሷ ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች፣ እሱም ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። አባትዬው ይህን አላየም ማለት አይቻልም፤ አይቶታል፣ ግን መምህርና ጎበዝ ተማሪ ሲተፋፈሩ ነው የመሰለው።

ካርዱ ግን ሌላ ነበር የሚለው። በዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ሃምሳ ስምንት፣ በአስረኛ መጀመሪያ ሃምሳ አንድ፣ በአስረኛ መጨረሻ አርባ ስምንት። የሌላው ትምህርት ደህና ስለነበር አማካዩ ሳይንስ ክፍል ለማስገባት አላነሰም። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራው ሚስቱ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፤ ቆሻሻ አይታ ዝም ብላ ማለፍ የማትችል ሴት ናት።

«አርባ ስምንት ጉብዝና ነው እንዴ?»

«መምህሩን ጠይቄዋለሁ። እኔ ማርክ ስሰጥ ጠበቅ አደርጋለሁ ነው ያለኝ።»

«ልጅቷንስ ጠይቀሃታል?»

«እሷማ ልጅ አይደለች እንዴ? ምን ታውቃለች!»

አስራ አንደኛ ክፍል ሲጀመር ጋሽ ፕላን የሳይንስ ክፍሉን መመዝገቢያ በገዛ እጁ ሞላ። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ እስክሪብቶውን ስታይ ነበር፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያን ሰሞን ነው የሂሳብ መምህሩ መምጣት ያቆመው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ይሆናል እንዳይባል፣ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ጢሙ እየረዘመ፣ እየተንጨባረረ ነው የሚታየው። ያ ቀጭን አንገት ከነጭራሹ ጠፋ። ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የመሰላቸውን ተናገሩ። አንዱ በሽታ ነው አለ፣ ሌላው ፍቅር ነው አለ። ጋሽ ፕላን ግን ሆዱ ባባ። ይሄ ሰው አንድ ከባድ ሐዘን ቢደርስበት ነው፣ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ ብሎ ራሱን ወቀሰ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ብሩሹን፣ ሳሙናውን፣ ንጹሕ ፎጣና ምላጩን በትንሽ ቦርሳ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሐዘንተኛውን እዚያው ቢሮው ውስጥ ላጭቶ፣ አጽናንቶ ሊመለስ ነው ሐሳቡ። ይህን የሚያስብ ሰው ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መምህሩን ብቻውን አገኘው። ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ተቆልሏል፣ እጅጌው በጠመኔ ነጥቷል። ጋሽ ፕላን ሰላምታውን ሳይጨርስ ፎጣውን አነጠፈ፣ ምላጩን አወጣ።

«ጋሼ፣ እባክዎን እሱን ያስቀምጡት» አለ መምህሩ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ።

«አይዞዎት፣ ዛሬ የመጣሁት ላጽናናዎት ነው። ማን ነው የሞተብዎት?»

«ማንም አልሞተብኝም። ጢሜን ያሳደግኩት በእርስዎ ምክንያት ነው።»

«በእኔ?»

«እንዳይጠይቁኝ ብዬ።» መምህሩ ከቁልሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዝዞ ወደ እሱ ገፋው። የልጅቷ ስም አለበት፤ ከጥጉ ላይ በቀይ ሃያ ስምንት ተጽፏል። «ልጅዎ ሂሳብ ከጠፋባት ቆይቷል። ዛሬ አይደለም፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው።»

ጋሽ ፕላን ክው አለ። «ጎበዝ ናት ብለውኝ አልነበረም እንዴ? በገዛ አፍዎ!»

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ላይ ምላጭ ይዘው ሲጠይቁኝ ምን እንድልዎት ነበር የፈለጉት?»

 መምህሩ ጢሙን እያሻሸ ቀጠለ። «መጀመሪያ የምሬን ነው የፈራሁት። ኋላ ግን በመስታወቱ ፊትዎን አየዋለሁ። ጎበዝ ናት ስልዎት ፊትዎ የሚሆነውን እርስዎ አያዩትም። ጨከን ብሎ መናገር አቃተኝ። መናገር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» የቀረውንም ሳይደብቅ ነገረው። ልጅቷ ሳይንስ ክፍል ከቀጠለች ዓመቱን አታልፍም። ዓመቱን ካላለፈች ምረቃውም ኮሌጁም ቀረ ማለት ነው። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ብትዛወር ግን በሌላው ትምህርት ደህና ስለሆነች ትደርሳለች። መዛወር የሚቻለው እስከ ዓርብ ነው፣ ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ አለ። «ቅጹን ከወሰደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል» አለ መምህሩ። «ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያለው።»

ጋሽ ፕላን ወደ ፀጉር ቤቱ ሳይመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ መጀመሪያ መምህሩን ረገመ፣ ቀጥሎ ልጅቷን፣ ሰፈሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚረግመው ሰው አለቀበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሰው የሰማው መልካም ነገር ሁሉ ከዚያ ወንበር ላይ፣ ምላጩ ሥር ከተጋደመ ሰው አፍ የመጣ መሆኑን አሰበና ብርድ ብርድ አለው። ሚስቱ የከሰዓት ተረኛ ስለነበረች ቤት አገኛት። ሁሉንም ሲነግራት መጀመሪያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፣ ሳቀች፣ ወንበር ይዛ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«እኔንም ከአባቴ የጠየቅከኝ ጢማቸውን እየላጨህ እኮ ነው! እሺ ያሉህ በምን ይመስልሃል?»

እሱ አልሳቀም። እሷም ሳቋን ገታችና የሥራ ልብሷን እየቆለፈች «ሂድና ልጄን ጠይቃት» አለችው። «እጅህ ላይ ግን ምንም ነገር እንዳትይዝ።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን አንጠለጠለ። ልጅቷ ስትገባ ደንበኛ የለም፤ አባቷ ከወንበሩ ፊት ቆሟል። እጆቹ ባዶ ስለሆኑ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል፤ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ ደረቱ ላይ አጣጠፋቸው።

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሂሳብስ?»

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

እንደ መምህሩ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ነበር የመለሰችው። እጁ ባዶ ሆኖም እንደምትፈራው ያን ጊዜ ገባው። ምላጭ የያዘው እጁ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ካርቶኑን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣና ወደ ኋላ ተጋደመ።

«ላጪኝ» አላት።

«እ?»

«ላጪኝ። የሚላጭ ሰው መናገር አይችልም፣ መነሳት አይችልም፣ መቆጣት አይችልም። አንቺ ተናገሪ። መምህሩ ዘንድ ሄጄ ነበር።»

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።  ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ብሩሹን አረጠበች፣ አረፋውን አለበሰችው፣ ምላጩን ከፈተች። የመጀመሪያውን መስመር ከጆሮው ሥር ወደ አገጩ ስታወርድ ነው መናገር የጀመረችው።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ኩፍኝ ይዟት ሁለት ሳምንት የቀረች ጊዜ ነበር የጠፋባት። ስትመለስ ሰሌዳው ላይ ከቁጥር ይልቅ ፊደል በዝቶ ጠበቃት፣ ልጆቹ ሁሉ ገብቷቸዋል። «ነገ መምህሩን እጠይቀዋለሁ ስል፣ እሱ መጥቶ እዚህ ተቀምጦ ጎበዝ ናት አለህ። አንተ አፏጨህ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ አልገባኝም ልበል?» ምላጩን በፎጣው ጠረገች። «ካርቶኑን ሳየው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ አባዬ። ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። አላውቅም የሚባልበት ቦታ ደግሞ እዚያ ላይ የለም። ደስ የሚለኝ እዚህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲያወራ መስማት ነው። እሱ ደግሞ ሥራ አይደለም።»

አባቷ ጣቱን አነሳ። ምላጩን ከጉሮሮው ላይ አነሳችለት።

«አይ፣ መልሰሽ አሳርፊው» አላት። «ካልሆነ አልናገረውም።»

አሳረፈችው። ጋሽ ፕላን ጣሪያውን እያየ፣ ከንፈሩን እንዳያንቀሳቅስ እየተጠነቀቀ ተናገረ።

«እኔንም ሂሳብ ነው የጣለኝ።»

ልጅቷ በሌላ እጇ አንገቱ ሥር ያለውን ፎጣ አስተካከለች።

«አስረኛ ክፍል ላይ። ስሜን ከወደቁት ጋር ግድግዳ ላይ አየሁት፣ ከዚያ ተመልሼ አልሄድኩም። አያትሽ የታመሙት በዓመቱ ነው። አስታምሜያቸዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ግን በእሳቸው ምክንያት አይደለም።» እንባው ከዓይኑ ጥግ ወርዶ ጆሮው አጠገብ ካለው አረፋ ጋር ተቀላቀለ። «አልገባኝም ማለት አፍሬ ነው።»

መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ዛሬ ትነግራታለህ።»

«እሺ።»

«አገጭህን ቀና አድርግ» አለችው፣ ጨረሰችውም። አንድ ቦታ ብቻ ቆረጠችው፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ። ጥጥ እንደለጠፈ ተነሥቶ ቅጹን ፈረመ፤ ኮምፓሱ ያለበትን መሳቢያ ከፍቶም አንድ እርሳስ ሰጣት። ካርቶኑን ነቅለው ገለበጡት። በጀርባው በኩል በእሷ እጅ ጽሑፍ የመጀመሪያው መስመር «የዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ፣ ምዕራፍ ሁለት» የሚል ነበር።

ሚስቱ በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ በእውነተኛ ስሙ ስትጠራው ልጅቷ ሰምታለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያንንም ቀስ ብላ። የሂሳብ መምህሩ ጢሙን ተላጨ። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀምጦ ያስረዳታል፤ ጋሽ ፕላን ፀጉር እየቆረጠ ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ምዕራፍ ሦስት ላይ መቀሱን አቁሞ «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?» ሲል፣ ግማሽ ራሱ ብቻ የተቆረጠው ደንበኛ ጨርቁን እንደለበሰ ጠብቋል። ልጅቷ በማኅበራዊ ሳይንስ ተመረቀች። የምረቃው ዕለት ፀጉር ቤቱ እንደተባለው ዝግ ነበር፣ ጫማውም አዲስ ነበር። ኮሌጅ ገብታ ሶሲዮሎጂ መረጠች። ደንበኞች ምን ማለት ነው ብለው ቢያስጨንቁት «ሰውን ማጥናት ነው» ይላቸዋል። «እኛን?» ሲሉት «እናንተንማ እዚሁ አግዳሚ ላይ ጨርሳችኋለች» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ፕላን አንድ ሰው አጋድሞ፣ አረፋ አልብሶ፣ ምላጩን ሊያሳርፍ ነበር። በክርኑ ነካ አድርጎ ድምፁን ከፈተው።

«አባዬ፣ የስታቲስቲክስ ፈተና ውጤት ወጣ።»

ስታቲስቲክስ ሂሳብ መሆኑን ያውቃል። ልቡ እንደ ድሮው ዝቅ አለ። «ስንት አገኘሽ?»

«መጀመሪያ እጅህ ላይ ምን እንደያዝክ ንገረኝ።»

ምላጩን አጥፎ ከኮምፓሱ ጎን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። እጁን በፎጣ አደረቀ፣ ደንበኛውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ስልኩን ይዞ ወደ በሩ ወጣ።

«ምንም አልያዝኩም።»

«አርባ አንድ።»

የሂሳብ መምህሩ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ እጁን አነሣለት፤ እሱም አነሣ።

«እሺ፣ የእኔ ልጅ» አላት። «ከየትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የጠፋብሽ?»